እናት መርከቧን ምቱ!

እኛ ሰፈር ቪዲዮ ቤት ውስጥ አንድ የማይሻር ሕግ ነበር፤ «አክተሩ አይሞትም» ይላል። ሃምሳ ሳንቲሙን ከፍሎ አግዳሚ ላይ የተጣበበ ልጅ ሁሉ ሕጉን ያውቀዋል። አክተሩ ከፎቅ ቢወረወር፣ ጥይት እንደ ዝናብ ቢወርድበት ማናችንም አንደነግጥም። የምንሰጋው ለጓደኛው ነው። በተለይ ጓደኝየው የሚስቱንና የልጁን ፎቶ ከኪሱ አውጥቶ ካሳየ በቃ፣ ነፍስ ይማር።

«ኢንዲፔንደንስ ዴይ»ን ያየሁት እዚያ ነው። አሜሪካ ውስጥ የወጣው በ1996 ነው (የፊልሞቹንና የውጭ አገር ነገሮችን ዓመት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፤ እኛ ዘንድ የደረሰው ግን ዘግይቶ፣ ተገልብጦ ተገልብጦ ቀለሙ በደበዘዘ ካሴት ነበር። ዋይት ሐውስ በአንድ የብርሃን ጨረር ብትንትኑ ሲወጣ ቤቱ በፉጨት ተናጋ። (ለምን ደስ እንዳለን እስካሁን አላውቅም።) መጨረሻ ላይ የኤሊየኖቹ መርከቦች በየአገሩ እየተንቦገቦጉ ሲወድቁ ደግሞ ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ።

በሩ ላይ ሳንቲም የሚሰበስበውን ሰውዬ «ሃምሳ አለቃ» ነበር የምንለው። በደርግ ጊዜ ወታደር ነበር፤ በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ከሰሜን በእግሩ መጥቶ አዲስ አበባ የገባ ሰው ነው። ፊልም ማየት አይወድም። ያን ቀን ግን መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ቆሞ አየ። ፊልሙ ሲያልቅ፣

«የቀሩትስ?» አለ።

«የትኞቹ?» አልነው።

«መሬት የወረዱት ናቸዋ! መርከቡ ሲወድቅ ሁሉም በአንዴ ሞተ? የሸሸ የለም? የቆሰለ የለም? እጁን የሰጠ የለም?»

ሳቅንበት። «ጋሼ፣ ፊልም እኮ ነው!» አልነው። «ፊልምማ ነው» አለና አግዳሚዎቹን ማስተካከል ጀመረ።

እኔ ግን ጥያቄው አብሮኝ አደገ። ዛሬም የኤሊየን ወረራ ፊልም ባየሁ ቁጥር ሰውዬው መጋረጃው ስር ቆሞ ይታየኛል። ከሌላ ዓለም መጣ የተባለውን ፍጡር ያለምንም ችግር አምናለሁ። አረንጓዴም ይሁን ስምንት እግር ይኑረው ቅር አይለኝም። የማላምነው ድሉን ነው።

እስቲ አካሄዱን አብረን እናስታውስ። መርከቦቹ ይመጣሉ፤ የአንዷ ስፋት 24 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ከመሀል አዲስ አበባ እስከ ሰበታ ሰማዩ ተከደነ በሉት። ከተሞች ይጋያሉ። ከዚያ ጦሩ ይነሳል፣ ጄቶቹ በሰልፍ ይሄዳሉ፣ ሚሳይል ይተኩሳሉ፣ ሚሳይሉ በማይታይ ጋሻ ላይ ይፈነዳል። አብራሪዎቹ ያልቃሉ፤ ዊል ስሚዝ ይተርፋል (ሕጉን አስታውሱ)። ቀጥሎ ኒውክሌር ይመጣል። በሂዩስተን ከተማ ላይ ይጣላል፣ ጢሱ ሲገለጥ መርከቧ እንዳለች አለች።

ይህቺ የኒውክሌር ነገር የቆየች ናት። በ1953 የተሠራው «ዋር ኦቭ ዘ ወርልድስ» ውስጥም ጦሩ የመጨረሻ ተስፋውን በአቶሚክ ቦምብ ላይ ጥሎ፣ ቦምቡ ፈንድቶ፣ የማርስ መኪኖች ከአቧራው ውስጥ ጭረት ሳይነካቸው ብቅ ይላሉ። የዚያን ጊዜ ተመልካች ሂሮሺማ ከተመታች ገና ስምንት ዓመቷ ነበርና ትዕይንቱ ምን ያህል እንዳስደነገጠው መገመት ይቻላል። በ1996 ስንደርስ ግን ነገሩ ወግ ሆኗል። ኒውክሌሩ እንደማይሠራ ሁላችንም እናውቃለን፤ ይጣላል፣ አይሠራም፣ ወደ ቀጣዩ እንሄዳለን።

አያችሁ፣ በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ የመጀመሪያው ውጊያ ሥራው መሸነፍ ነው። ወታደሩ የተጠራው ጠላት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በሬሳው እንዲያሳየን ነው። የሞተው አብራሪ ምንም አላስያዘም፣ ምንም አላዘገየም፣ ምንም አላስተማረም። በኋላ የሚመጣው ድል ከእሱ ሞት ጋር አይገናኝም። ድሉን የሚያመጣው ኮምፒዩተር የሚያውቅ አንድ ሰው ነው፤ ላፕቶፑን ይዞ በተማረከ መርከብ ወደ እናት መርከቧ ይወጣና ቫይረስ ይጭንባታል። (እኔ ቢሮ ያለው ፕሪንተር ሁለት ሜትር ርቀት ላይ የተቀመጠውን ኮምፒዩተር ካላወቀው ሦስት ወር ሊሞላው ነው። የሰውዬው ላፕቶፕ ግን 550 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ የሌላ ዓለም መርከብ በመጀመሪያው ሙከራ አወቀው። ሰላም ለእሱ ይሁን።)

በነገራችን ላይ የአሜሪካ ጦር ይህን ፊልም በሰውና በመሣሪያ ሊያግዝ አስቦ ነበር። በኋላ ኤሪያ 51 የሚባለው ምሥጢራዊ ቦታ ከድርሰቱ ይውጣ ብሎ ጠየቀ፤ አዘጋጆቹ እምቢ ሲሉ እገዛውን ተወው። ጄቶቹ እንደ ዝንብ መርገፋቸው ሳይሆን የአንድ ጣቢያ ስም መጠራቱ ነው ነገሩን ያፈረሰው። ቢሮክራሲ የትም ቢሆን ቢሮክራሲ ነው።

ደራሲዎቹ ላይ ብቻ መፍረድም አይገባም። ችግራቸው ይገባኛል። ከከዋክብት መካከል ተነስቶ የመጣ ጠላት በምን ሒሳብ ነው በታንክ የሚሸነፈው? ጠላትህን ካገነንከው ማሸነፊያ ታጣለህ፤ ካሳነስከው ደግሞ ፊልም የለህም። ስለዚህ መጀመሪያ ያገኑታል፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ያስጨርሱናል፣ ከዚያ የቀረችው ግማሽ ሰዓት ስታጥርባቸው አንዲት ቁልፍ ይፈልጋሉ። ቁልፏ ስትነካ ሁሉም ነገር በአንዴ ይጠፋል፣ ልክ መብራት ኃይል መስመር እንደቆረጠ።

ቁልፏ ስሟን ትቀያይራለች እንጂ ያቺው ናት። በ2012 በወጣው «ዘ አቬንጀርስ» ኒውዮርክን የወረሩት ወታደሮች፣ በቀዳዳው በኩል የገባው ሚሳይል መርከባቸውን ሲያፈነዳው፣ መንገድ ላይ በቆሙበት ክልትው ይላሉ። በ1996 የወጣው «ማርስ አታክስ!» ላይ ደግሞ የማርስ ሰዎች ጭንቅላት የሚፈነዳው አንድ የድሮ የገጠር ዘፈን ሲሰሙ ነው። (ይሄኛው ሆን ብሎ የሚያሾፍ ስለሆነ ከሁሉም ሐቀኛው እሱ ነው ባይ ነኝ።)

ቁልፏን ለማሳመን የሚነገረን ምክንያትም አንድ ነው፤ ጠላት እንደ ንብ ነው፣ አንድ አውራ አለው፣ አውራውን ከገደልክ መንጋው ያልቃል። ይህን የሚጽፉት ሰዎች ግን ንብ ያነቡ አይመስለኝም። አገር ቤት ንብ የሚያነቡ ዘመዶች ያላችሁ ጠይቁ። አውራዋ ብትሞት መንጋው ባለበት ሞቶ አይወድቅም፤ ዕጭ ካለው ሌላ አውራ ያሳድጋል። እስከዚያው ደግሞ ሲነድፍ ይሰነብታል።

ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ ግን ተገቢ አይደለም። ሁለት ፊልሞች ከዚህ ልማድ ለመውጣት ታግለዋል።

አንዱ በ2011 የወጣው «ባትል፡ ሎስ አንጀለስ» ነው። ተቺዎች አልወደዱትም። ካሜራው ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩም ብዙ አይጥምም። ግን አንድ የማልረሳው ትዕይንት አለው። የባሕር ኃይል እግረኞቹ ኤሊየኑ ላይ ጥይት ጨርሰው ጨርሰው ሊሞት አልቻለም። እና አንድ ቁስለኛ ኤሊየን ይይዙና፣ አብራቸው ያለች የእንስሳት ሐኪም እያገዘች፣ በጩቤ እየከፈቱ የትኛው ቦታ ሲመታ እንደሚሞት ይፈልጋሉ። ያስጠላል፣ ያቅለሸልሻል። ግን ጦርነት ነው! አንድ ነገር ተማሩ፣ የተማሩትን ለቀሩት ነገሩ፣ በሚቀጥለው ተኩስ ጥቂት ሰው ሞተ። መጨረሻ ላይ ያው የጠላትን ማዘዣ ጣቢያ በሚሳይል መትተው ሰው አልባ አውሮፕላኖቹን ያረግፏቸዋል፤ ቁልፏ አልቀረችም። ሆኖም ከዚያ በኋላ እረፉ ሲባሉ ቁጭ ብለው ካዝናቸውን ጥይት መሙላት ይጀምራሉ። ገና አላለቀማ! ሌላም ከተማ አለ።

ሁለተኛው በ2014 የወጣው «ኤጅ ኦቭ ቱሞሮው» ነው፤ መነሻው የጃፓናዊው ሂሮሺ ሳኩራዛካ ልቦለድ ነው። ቶም ክሩዝ በሞተ ቁጥር ያው ቀን ይጀመርለታል። ፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ ላይ ይወርዳል፣ ይሞታል፣ ይነቃል፣ እንደገና ይወርዳል። አንድ እርምጃ የሚጨምረው አንድ ጊዜ ሞቶ ነው። እዚህ «አክተሩ አይሞትም» የሚለው ሕግ ተገልብጧል፤ አክተሩ ስንት ጊዜ እንደሞተ መቁጠር ያቅታል። ከዚያም የበለጠ የወደድኩት የቬርደንን ነገር ነው። ሰዎቹ ቬርደን ላይ ትልቅ ድል አግኝተዋል፣ ጀግና ተሰይሟል፣ ፖስተር ተለጥፏል። በኋላ ግን ድሉን የሰጣቸው ጠላት ራሱ መሆኑ ይታወቃል፤ ተደፋፍረው ያላቸውን ጦር ሁሉ ባሕር ዳርቻው ላይ እንዲያፈሱለት። ሆን ብሎ የሚሸነፍ ጠላት! ይህን ያሰበ ደራሲ መጨረሻው ላይ ፓሪስ ሉቭር ስር የተደበቀ አንድ አውራ ገድሎ ሁሉንም ማጥፋቱ ነው ያሳዘነኝ። ያን ያህል መንገድ ሄዶ፣ ያቺኑ ቁልፍ ጠቅ።

የሁሉም አባት የሆነው መጽሐፍ ከልጆቹ የተሻለ ነው። የእንግሊዛዊው ኤች ጂ ዌልስ «ዘ ዋር ኦቭ ዘ ወርልድስ» በ1897 በመጽሔት በተከታታይ ወጥቶ በ1898 በመጽሐፍ ታተመ። ማርሶቹ መጨረሻ ላይ የሚሞቱት በባክቴሪያ ነው፤ በዓለማቸው ባክቴሪያ ስለሌለ ሰውነታቸው መከላከያ የለውም። ስለዚህ የቁልፏ ፈጣሪ ዌልስ ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ቁልፏን ማንም ሰው አለመንካቱ ነው። ድሉ የማንም አይደለም፣ ማንም ሜዳሊያ አይቀበልም። የታላቋን ብሪታንያ አንባቢ ኩምሽሽ የሚያደርግ መጨረሻ ነው። ሰውዬው ደግሞ ምን እያደረገ እንዳለ ያውቃል፤ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ በማርሶቹ ከመፍረዳችን በፊት እኛ አውሮፓውያን በታዝማኒያ ሕዝብ ላይ ያደረግነውን እናስብ ይላል። (ታዝማኒያውያን ጨርሰው ጠፉ ብሎ ነው የጻፈው፤ ዘራቸው ግን ዛሬም አለ።) ወራሪ ስትሆን የኖርክ፣ ተወራሪ ብትሆንስ? ይህ ነው የመጽሐፉ ጥያቄ።

ውጊያዎቹም የምር ናቸው። አንድ ቦታ ላይ የእንግሊዝ መድፈኞች አንዱን ማርስ በቀጥታ መትተው ይጥሉታል። አንባቢው እፎይ ይላል። ማርሶቹ ግን ሞኝ አይደሉም። ከዚያ በኋላ መድፍ ወደሚደበቅበት ጫካና ጉብታ ሁሉ አስቀድመው መርዘኛ ጥቁር ጭስ ይለቁበታል። ተመቱ፣ ተማሩ፣ ስልት ቀየሩ። ከመቶ ዓመት በኋላ የመጡት የሆሊውድ ኤሊየኖች ይህን ያህል እንኳ አያስቡም።

ከዚያ «ተንደር ቻይልድ» የምትባል የጦር መርከብ አለች። ሕዝቡ ከእንግሊዝ ለመሸሽ በጀልባና በመርከብ ታጭቆ ባሕር ላይ ነው፤ ማርሶቹ ውሃ ውስጥ ገብተው ይከተሉታል። መርከቧ ሳትተኩስ በሙሉ ፍጥነቷ ወደ እነሱ ትነዳለች፣ ትገጫቸዋለች፣ እየነደደች ትዋጋለች፣ ትጠፋለች። ጦርነቱን አላሸነፈችም። ያ በሰው የተሞላ መርከብ ግን አመለጠ። እኔ እስከማውቀው በዚህ ዓይነት ድርሰት ሁሉ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የውጊያ ትዕይንት የለም፤ ምክንያቱም ሞቱ የሚገዛው ነገር ይታያል።

ስፒልበርግ በ2005 ታሪኩን ሲሠራው ይህን የተረዳ ይመስለኛል። አንድ ኮረብታ አለ። ወታደሮቹ ወደ ኮረብታው ጀርባ እየነዱ ይሄዳሉ፤ እንደማያሸንፉ ያውቃሉ፤ የሚገዙት ለስደተኛው ሕዝብ ጥቂት ደቂቃ ነው። ውጊያውን ግን አናይም። ከኮረብታው ጀርባ ብርሃን ብልጭ ድርግም ሲል እናያለን፣ በኋላ መኪኖቻቸው እየነደዱ ተመልሰው ሲመጡ እናያለን። ማየት ከሚገባኝ በላይ አየሁ። መጨረሻ ላይ ወራሪዎቹ ታመው ሲንገዳገዱ ቦስተን ላይ ወታደሮች በትከሻ በሚተኮስ ሮኬት አንዱን ይጥላሉ። ጋሻው እንደጠፋ ያወቁት ወፎች ሲያርፉበት አይተው ነው። ትንሽ ክብር ለወታደሩም ተረፈችለት ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ፤ የመጣሁት በግድ ጎትቼው አይደለም። መጽሐፉ በመጽሔት መውጣት የጀመረው አድዋ ላይ ጣሊያን ከተሸነፈ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ዌልስ አድዋን አስቦ ጻፈ አልልም። ግን የዚያን ዘመን አውሮፓዊ «ተወራሪው ቢያሸንፍስ?» ለሚለው ጥያቄ ባክቴሪያ ሲያስፈልገው፣ እዚህ መልሱ ያለ ባክቴሪያ ተሰጥቶ ነበር። እንዴት? ለዓመታት ከአውሮፓ፣ ከራሷ ከጣሊያን ጭምር ጠመንጃ በመግዛት። ከየአቅጣጫው ጦር ሰብስቦ፣ ስንቅ አስጭኖ ሰሜን ድረስ በማድረስ። መቀሌ ላይ ምሽጉን ከቦ ውሃውን በመያዝ። ከዚያም በጠላት ስህተት፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዋዜማ ሌሊቱን ሲጓዝ ያደረው የባራቲየሪ ጦር በተሳሳተ ካርታ ተለያይቶ፣ የአልቤርቶኔ ብርጌድ ከሌሎቹ ርቆ ብቻውን ተገኘ። በሁለቱም ወገን ስንቅ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ጥቂት ቀን ቢቆይ ማን ቀድሞ እንደሚመለስ እንጃ። እናት መርከብ የለችበትም። ሽሮና በሶ አለበት፣ በቅሎ አለበት፣ ውሃ አለበት።

የሃምሳ አለቃም ጥያቄ እዚያ መልስ አለው። የቀሩትስ? የቀሩት ተማረኩ። ጣሊያኖቹ ምርኮኞች አዲስ አበባ ድረስ ተጉዘው፣ ወራት ተቀምጠው፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት (በፈረንጆቹ 1896) ውል ሲፈረም ወደ አገራቸው የሚመለሱበት መንገድ ተከፈተ። ከጣሊያን ጎን ከተሰለፉት አስካሪዎች ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩት ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። ይህን በየዓመቱ የካቲት 23 ስናከብር ብዙ አናነሳውም። የማነሳው ድሉን ላሳንስ ብዬ አይደለም፤ በእውነተኛ ድል ማግስት ሜዳው ላይ ሰው እንደሚቀር፣ አሸናፊውም በዚያ ሰው ላይ መወሰን እንዳለበት ለማሳየት ነው። ኤሊየን ፊልም ከዚህ ነው የሚገላግለን። ጠላት ሁሉ በአንዴ ክልትው ሲል ምርኮኛ የለም። ምርኮኛ ከሌለ ምን እናድርገው የለም፣ ድርድር የለም፣ ፍርድ ቤት የለም፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ነገር የለም።

ጥቁሩ ጭስም የልቦለድ ሆኖ አልቀረም። ዌልስ ከጻፈው አርባ ዓመት ሳይሞላ የሙሶሎኒ አውሮፕላኖች በእኛ አገር ላይ የሰናፍጭ ጋዝ አፈሰሱ፤ መጀመሪያ በቦምብ፣ በኋላ እንደ ዝናብ እየረጩ። ጣሊያን በመርዝ ጋዝ ላለመዋጋት በ1925 ጄኔቫ ላይ ፈርማ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 1936 እዚያው ጄኔቫ ቆመው የተናገሩት ይህንኑ ነው። ከሰማይ የመጣ፣ በጠመንጃ የማይደረስበት፣ ሰውንም ከብትንም ውሃንም የማይለይ ጠላት። ለአያቶቻችን የኤሊየን ወረራ ፊልም አልነበረም። ማይጨው ላይ ተሸነፉ፤ ከዚያ አምስት ዓመት ጫካ ገቡ። እናት መርከቧ ሮም ነበረች፣ ማንም ላፕቶፕ ይዞ አልደረሰባትም።

«እና ምን ይጠበስ፣ ፊልም እኮ ነው» የምትሉ አላችሁ። እኛም ሃምሳ አለቃን እንዲህ ነበር ያልነው። ግን እኔ ይህቺ ቁልፍ ከፊልሙ ወጥታ በየጭንቅላታችን የገባች ይመስለኛል። ግንቦት 1 ቀን 2003 ጆርጅ ቡሽ በጦር መርከብ ላይ ቆመው በኢራቅ ዋናው ውጊያ አብቅቷል አሉ፤ ከኋላቸው «ተልዕኮው ተፈጽሟል» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። በታኅሣሥ ሳዳም ሁሴን ከጉድጓድ ወጥተው ተያዙ። አውራው ተያዘ፤ መንጋው ግን አልወደቀም። የአሜሪካ ጦር ኢራቅን ለቆ የወጣው በ2011 መጨረሻ ነው፤ ያውም በኋላ ሊመለስ።

በሰው ቤት ብቻ አልስቅም። ኅዳር 19 ቀን 2013 ዓ.ም. መቀሌ ተያዘች፣ ዘመቻው ተጠናቀቀ ሲባል ስንቶቻችን ነን ስልካችንን አውጥተን «አለቀ» ብለን የጻፍነው? እኔ ጽፌያለሁ። በኋላ አጥፍቼዋለሁ፣ ግን ጽፌያለሁ። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ያለውን ሁለት ዓመት እዚህ አልዘረዝረውም፤ የየቤታችሁን ታውቃላችሁ። የሚገርመኝ በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ በየሳምንቱ፣ በሁሉም ወገን፣ «እገሌ ከተመታ ያልቃል»፣ «ያቺ ከተማ ከተያዘች ያልቃል» የሚል ሰው አለመጥፋቱ ነው። ካፌ ውስጥ እናት መርከብ ስንፈልግ ከረምን። የሸሸው፣ የቆሰለው፣ እጁን የሰጠው፣ የቀረው ትዝ ያለው አልነበረም። ሃምሳ አለቃ ቢሰማን ምን ይል ነበር? ቪዲዮ ቤቱ ፈርሶ ፎቅ ሆኗል፤ እሱም ወዴት እንደሄደ አላወቅሁም።

በ2016 «ኢንዲፔንደንስ ዴይ» ሁለተኛው ክፍል ሲወጣ ለትዝታው ብዬ አየሁት። ፊልሙ ደካማ ነው። ግን ገና ከመጀመሪያው አንድ ሰው ብቅ አለና ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ዲኬምቤ ኡምቡቱ ይባላል፤ በልቦለዱ አፍሪካ ውስጥ ያለ የጦር አበጋዝ ነው። ለካ ያኔ መርከቦቹ ሁሉ ሲወድቁ አንዷ እዚያ መሬት ላይ አርፋ ኖሯል። የቀሩት ኤሊየኖች አልሞቱም፤ የእሱ ሰዎች ለዓመታት በእግር፣ በጫካ፣ በገጀራ ሲዋጓቸው ኖረዋል። ሌላው ዓለም ርችት እየተኮሰ ሐምሌ አራትን ሲያከብር እነሱ የቀሩትን እየተዋጉ ነበር። ኡምቡቱ ሁለት ገጀራ በጀርባው ይዞ ይሄዳል፣ ኤሊየን ከኋላ እንደሚገደል ያውቃል፣ ስንት ሰው ሞቶበት እንዳወቀው ግን ማንም አይጠይቀውም።

የሃምሳ አለቃ ፊልም ይሄ ነበር! መጀመሪያ ክረምቱን እንዴት አለፉት? ማን አበላቸው? አንድ ኤሊየን እጁን ቢሰጥ ምን አደረጉት? ማን ቀድሞ «ይበቃናል» አለ? እየጠበቅሁ ነው። ኡምቡቱ ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ተናገረ፣ አንድ ሁለት ኤሊየን ጣለ፣ ከዚያ ካሜራው ትቶት ወደ አሜሪካ በረሃ ሮጠ። እዚያ አንዲት ግዙፍ ንግሥት ተነስታ አውቶቡስ ታሳድዳለች። ንግሥቲቱ ተመታች። ተዋጊዎቹ በአንዴ ከሰማይ ረገፉ፣ ትልቁ መርከብም ቁፋሮውን ትቶ ሄደ።

ከፊቴ የተቀመጠው ልጅ አጨበጨበ።